ዘፈናችሁ ከየት ይጀምራል? ለቤት ስቱዲዮ የመቅጃ ሶፍትዌር ስለ መምረጥ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን መጣችሁ። ብዙ ሳላወራ ሁለት ፋይል ላሰማችሁ። ዘፈኑ ያው አንድ ነው። አንዱ ፋይል ሪፐር ከሚባል የመቅጃ ሶፍትዌር የወጣ ነው፣ ሌላው ኪውቤዝ ከሚባል። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ስሙና ይሻላል ለምትሉት እጃችሁን አውጡ።

[ሁለቱን አሰማሁ። ከፊሉ ሰው ለመጀመሪያው፣ ከፊሉ ለሁለተኛው እጁን አወጣ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው "ሁለተኛው ሞቅ ይላል" አለ።]

እሺ። አሁን ሁለቱን አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጬ የአንዱን ፌዝ እገለብጠዋለሁ። ፌዝ መገልበጥ ማለት ሞገዱ ወደ ላይ የሚወጣበትን ወደ ታች፣ ወደ ታች የሚወርድበትን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ሁለቱ ፋይሎች ከተለያዩ የሚሰማን ልዩነታቸው ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ከሆኑ ደግሞ ይጠፋፋሉ። በሉ ፕሌይ ልበለው።

[አዳራሹ ጸጥ አለ። የሚሰማው የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ነበር።]

እየሄደ ነው እኮ። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ሲጓዝ ታያላችሁ፣ ዘፈኑ አሁን ሁለተኛው ቁጥር ላይ ደርሷል፣ ግን ምንም አይሰማም። ሁለቱም ውስጥ ያስገባሁት ያንኑ ስምንት ትራክ ነው፣ ፕለጊን የሚባል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያ፣ አልጨመርኩም፣ ቮልዩሙን አንድ አድርጌያለሁ፣ ድምፅ ግራ፣ ቀኝ ወይም መሃል ሲቀመጥ ከፍታውን የሚወስነውን፣ ፓን ሎው የሚባለውን ሴቲንግም አመሳስያለሁ። የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች ግን ብዙ ክርክር የሚነሳው ከሷ ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር መሃል ላይ ያለን ድምፅ 3 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ አይነካውም። ጆሯችን ደግሞ ጮክ ያለውን ነገር "ይሻላል" ብሎ ነው የሚቀበለው። አንድ ሰው አንዱን ትራክ ሁለት ቦታ ከፍቶ ሲሰማ አንዱ ከፍ ብሎ ይመጣለታል፣ ከዚያ "የዚህኛው ሳውንድ ይለያል" ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል። እነሱም ለሌላ ያወራሉ።

ስለዚህ ዛሬ "የትኛው ሶፍትዌር ነው ጥሩ ድምፅ ያለው?" የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ከመጣችሁ እዚሁ እንተወው። ድምፃችሁን የሚወስነው ዘፋኙ፣ የቀዳችሁበት ክፍል፣ ማይኩ፣ ማይኩ ከአፍ ያለው ርቀት፣ ከዚያም የናንተ ጆሮ ነው። ሶፍትዌሩ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ዜማ ሳይጠፋ ቶሎ ትራክ ላይ መድረሱን፣ ዘፈኑ ተጀምሮ ማለቁን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የማውቃቸው ብዙ ጎበዝ ልጆች ላፕቶፕ ላይ አራት ሶፍትዌር ተጭኖ አንድም ያለቀ ዘፈን የለም።

እና ራሳችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ እኔ ዘፈን ስጀምር እጄ መጀመሪያ የት ነው የሚሄደው?

ጊታር አንስታችሁ ነው የምትጀምሩት? ከማይክ ፊት ቆማችሁ ነው? ከበሮውን በጣታችሁ እየመታችሁ ነው? ወይስ የአራት ባር ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚዞር አጭር ሙዚቃ፣ ደጋግማችሁ እየሰማችሁ ላዩ ላይ የሚመጣውን ነገር ትጠብቃላችሁ? ይሄን ያነሳሁት ሶፍትዌሮቹ ራሳቸው የተወለዱበትን ቤት ጠባይ ይዘው ስላደጉ ነው። ዛሬ ሁሉም ሁሉንም ይሠራሉ፣ ማስታወቂያቸውን ብታዩ ልዩነት የለም። ስትከፍቷቸው ግን መጀመሪያ ምን እንደሚያቀርቡላችሁ እዩ።

ፕሮ ቱልስ 1991 ሲወጣ 4 ትራክ ነበረው፣ ሐሳቡም የቴፕ ማሽኑን ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ያ ጠባይ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሰው ከማይክ ፊት ቆሞ ሲዘፍን መቅዳት፣ ከአስር ሙከራ የጥሩውን ቃል እየቆረጡ መቀጠል፣ እዚህ ላይ እጁ ፍጹም ነው። ትልልቅ ስቱዲዮዎች የያዙትም ለዚህ ነው። እናንተ ግን ለብቻችሁ ቢት የምትሠሩ ከሆነ፣ ስቱዲዮዎች ስለያዙት ብቻ እሱን መያዝ አይጠበቅባችሁም።

ኪውቤዝ በ1989 አታሪ ኮምፒውተር ላይ ነው የተወለደው። ያ ኮምፒውተር የሚዲ መሰኪያ፣ ማለትም ኪቦርድን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሰኪያ፣ ከፋብሪካው ተገጥሞለት ይመጣ ነበር፣ ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋቾች ወደዱት። ሎጂክም ከዚያው ዘመንና ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ አፕል ሎጂክን የሠራውን ኩባንያ በ2002 ገዝቶ የዊንዶውሱን ቀጣይነት አቆመ፣ ለዚህ ነው ዛሬ ማክ የሌለው ሰው ስለ ሎጂክ ማሰብ የሌለበት። እነዚህ ሁለቱ ለአቀናባሪ ይመቻሉ። ኪቦርድ ላይ ስትሪንግ ተጫውቶ፣ አንዷን ኖት አንስቶ ወደ ላይ አድርጎ፣ ብራሱን ደርቦ፣ እንዲህ ለሚሠራ ሰው።

ኤፍኤል ስቱዲዮ በ1997 ፍሩቲ ሉፕስ ተብሎ ሲጀምር ሥራው ትንንሽ ካሬዎችን እየጫኑ ከበሮ መደርደር ብቻ ነበር። ዛሬም ስትከፍቱት መጀመሪያ እነዚያ ካሬዎች ናቸው የሚቀበሏችሁ። ሉፕ ይዛችሁ ለምትጀምሩ ልጆች ከዚህ ፈጣን አላየሁም፤ ከፍታችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያስጨፍር ነገር ይኖራችኋል። አንዴ ከገዛችሁት ደግሞ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር በነፃ ትወስዳላችሁ፣ ይሄን ቃላቸውን ለዓመታት ጠብቀዋል፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዝቅተኛው እትሙ፣ ፍሩቲ የሚባለው፣ ለብዙ ዓመታት ማይክ ሰክታችሁ ትራኩ ላይ ድምፅ ለመቅዳት አይሆንም ነበር። ዘፋኝ ከሆናችሁ ይሄን ሳታዩ ገዝታችሁ እንዳትናደዱ። ሁለተኛ፣ የነፃው መሞከሪያ ሴቭ ያደርግላችኋል፣ ሴቭ ያደረጋችሁትን ግን እስክትገዙ ድረስ መልሳችሁ አትከፍቱም። ስለዚህ እየሞከራችሁ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ኦዲዮውን አውጡ።

ኤብልተን ላይቭ በ2001 የመጣው መድረክ ላይ ላፕቶፕ ይዘው ከሚጫወቱ ሙዚቀኞች እጅ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው የጊዜ መስመር ብቻ ሳይሆን ሳጥን ሳጥን የሆነ ሌላ ገጽ አለው፣ እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሉፕ ታስቀምጡና የፈለጋችሁትን ከፈለጋችሁት ጋር እያጫወታችሁ ታያላችሁ፤ ኮረሱ በፊት ይምጣ ኋላ ሳትወስኑ ማለት ነው። የዘፈኑን ቅርጽ እየተጫወተ የሚያገኝ ሰው ይወደዋል። ግጥምና ዜማው አልቆ የመጣለት ሰው ግን ያ ገጽ ምን እንደሚሠራለት አይገባውም።

ሪፐር ደግሞ ለየት ይላል። ዊንአምፕ የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ነው የጀመረው፣ የመጀመሪያው ቨርዥን በ2006 ወጣ። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሮጣል፣ ዊንዶውስም ማክም ሊነክስም ላይ ይሠራል፣ ምንም ሳይቆለፍባችሁ 60 ቀን ሙሉውን ትሞክሩታላችሁ። ማይክና ጊታር ይዞ ለሚጀምር፣ ኮምፒውተሩም አቅም ለሌለው ሰው፣ የእኔ የመጀመሪያ ምክር እሱ ነው። ጉድለቱ አብሮት የሚመጣ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ፒያኖውንም ከበሮውንም ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ ትጭናላችሁ። መልኩም አይስብም። እኔ ላይ መልኩ ምንም አላመጣብኝም፣ ግን ቆንጆ ነገር ሲያይ የሚነቃቃ ሰው አለ፣ ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ይሄም እውነተኛ ምክንያት ነው።

ማክ ያላችሁ ጋራዥባንድን እንዳትንቁት። በነፃ ነው፣ ከ2004 ጀምሮ አለ፣ ነገ ሎጂክ ብትገዙ ፕሮጀክታችሁን እንዳለ ይከፍትላችኋል። ኦዳሲቲን የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ንግግር ለመቅዳት፣ አንድ ፋይል ለመቁረጥ፣ ጫጫታ ለመቀነስ ደህና ነው፣ እኔም ለዚያ እጠቀምበታለሁ፤ ኪቦርድ ሰክቶ ዘፈን ለማቀናበር ግን አልተሠራም።

አሁን ሶፍትዌር ላይ የሚላከክ ግን ሶፍትዌሩ ያላጠፋውን ጥፋት ላንሳ፣ ምክንያቱም ሰው "ይሄ ሶፍትዌር አልሆነኝም" ብሎ የሚቀይረው ብዙ ጊዜ በሱ ነው።

እኔ ገና ስጀምር አንዲት ዘፋኝ ቤት ድረስ መጣችልኝ። ሙዚቃው በሄድፎን ይሄድላታል፣ እሷ ትዘፍናለች። ሁሌ ወደ ኋላ ትቀራለች። ደገምን። ቀረች። ሪትም የማትጠብቅ ሰው አልነበረችም፣ መድረክ ላይ ሰምቻታለሁ። ከሃያ ጊዜ በላይ ደገምን መሰለኝ፣ በመጨረሻ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ትዝ ሲለኝ ይከፋኛል፣ ራሷን መጠራጠር ጀምራ ነበር። ችግሩ እሷ አልነበረችም። የራሷን ድምፅ በሄድፎን የምትሰማው ዘግይቶ ነው። ዘግይቶ ሲመጣባት እሱን ልትጠብቅ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ይሄ ሌተንሲ ይባላል፣ መፍትሔውን ባውቀው ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ውሃ በቧንቧ አያስተላልፍም፣ በባልዲ እየቀዳ ነው የሚያቀብል። የባልዲው ስም በፈር ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና እየቀዳችሁ በፈሩ 1024 ከሆነ፣ አንዱ ባልዲ እስኪሞላ 21 ሚሊሰከንድ ያልፋል። ድምፁ በመግቢያም በመውጫም ባልዲ ስለሚጠብቅ እጥፍ ይሆናል። 128 ብታደርጉት ግን አንዱ ባልዲ ከ3 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ ወደ 34 ሳንቲሜትር ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ከድምፅ ማጉያ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ እንደ መቆም ነው፤ ያንን ማንም ይለምደዋል። 40 ሲሆን ግን ዘፋኝ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ስትቀዱ በፈሩን አሳንሱ፣ ሚክስ ስታደርጉ፣ ማለትም የተቀዱትን ትራኮች ስታዋህዱ፣ አሳድጉ። ሚክስ ላይ ፕለጊን ስለሚበዛ ኮምፒውተሩ ትልቅ ባልዲ ይፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ የሚዘፍን ሰው የለም። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የሳውንድ ካርዳችሁን፣ ማለትም ማይክ የምትሰኩበትን መሣሪያ፣ የራሱን አዚዮ ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ጫኑና ሶፍትዌሩ ውስጥ እሱን ምረጡ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የመጣው ያዘገያል። ሳውንድ ካርዳችሁ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ክፈቱት፣ ያን ጊዜ ዘፋኙ ድምፁን ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ይሰማዋል። ይሄን ሳታስተካክሉ ሶፍትዌር ብትቀያይሩ ችግሩ አብሯችሁ ነው የሚዞረው።

ስለ ኮምፒውተር ካነሳን ቦታም ይያዝላችሁ። በ24 ቢት (የእያንዳንዱ ናሙና ዝርዝርነት) እና በ48 ኪሎሄርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና) የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። አስር ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 350 ሜጋባይት ይመጣል፣ ያውም ሁሉንም አንድ ጊዜ ብቻ ከቀዳችሁ። 24 ቢት ላይ ቅዱ፣ ድምፁን ቀይ እስኪነካ አታስጩኹት፣ ከላይ 10 ዴሲቤል ያህል ክፍት ተዉለት። ይሄ የትም ሶፍትዌር ላይ ያው ነው።

ፕለጊን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ፎርማቱን እዩ። ቪኤስቲ የሚባለው በ1996 ከኪውቤዝ ሠሪዎች የመጣ ነው፣ አብዛኛው ሶፍትዌር ይቀበለዋል። ሎጂክ ግን ኤዩ የሚባለውን ብቻ ነው የሚቀበል፣ ፕሮ ቱልስ ደግሞ ኤኤኤክስ የሚባል የራሱ አለው። አብዛኞቹ ሠሪዎች በሦስቱም ያወጣሉ፣ ትንንሾቹና የነፃዎቹ ግን አንዳንዴ በአንዱ ብቻ።

ክራክ ላይ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚዞር ሶፍትዌር ላይ፣ ቀጥ ብዬ ልናገር። አትጫኑ። የምለው የሠሪውን ድካም ስለማከብር ነው፣ እናንተም ነገ ዘፈናችሁን ሰው በነፃ ሲያባዛው ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ውጭ ግን ሥራችሁን ይበላዋል። ክራኩ ከማን እጅ እንደመጣ አታውቁም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ምን ይዞ እንደገባም አታውቁም፣ አፕዴት አታደርጉም፣ አንድ ቀን ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ ፕለጊኑ አይከፈትም፣ ፕሮጀክቱም ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል። በነፃ የሚገኝ ሕጋዊ ሶፍትዌር በሌለበት ዘመን ቢሆን እሺ ችግር ነው እንላለን። ዛሬ ጋራዥባንድ አለ፣ ባንድላብ አለ፣ ኦዳሲቲ አለ፣ ፕሮ ቱልስ እንኳን 8 የኦዲዮ ትራክ ያለው የነፃ እትም አለው። ሳውንድ ካርድ ወይም ኪቦርድ ስትገዙም ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ኮድ ይኖራል፣ ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት እዩት።

የገዛችሁትም ቢሆን ለዘላለም አይኖርም። ሶናር የሚባል ከዊንዶውስ ትልልቆቹ አንዱ የነበረ ሶፍትዌር አለ። በ2017 መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ሥራውን አቆምኩ አለ። ዕድሜ ልክ አፕዴት ይሰጣችኋል የተባሉ ሰዎች ሁሉ ነበሩበት። በሚቀጥለው ዓመት ባንድላብን የሚሠራው ኩባንያ ገዝቶ በነፃ መልሶ አወጣው፣ እሰየው፣ ግን በመካከል የነበሩት ወራት ለተጠቃሚው ምን ያህል ረጅም እንደነበሩ አስቡት። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለቀ ዘፈን ሁሉ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ዌቭ ፋይል አድርጌ አወጣለሁ፣ ቴምፖውን (የዘፈኑን ፍጥነት) የፎልደሩ ስም ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዌቭ ፋይል የማይከፍት ሶፍትዌር የለም።

እንዴት እንምረጥ ወደሚለው እንመለስ። ከላይ ባልኩት መሠረት ለጠባያችሁ የቀረቡትን ሁለት ብቻ ያዙ። ሁለት፣ ከዚያ አይለፍ። መሞከሪያቸውን ጫኑ። በእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ዘፈን ሥሩ፣ አጭር ይሁን፣ ቀላል ይሁን፣ ግን ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ ኤክስፖርት፣ ማለትም ያለቀው ዘፈን ፋይል ሆኖ እስከሚወጣበት፣ ይድረስ። አጠገባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጡ። ጊታሩን ወይም ኪቦርዱን አስቀምጣችሁ "ይሄ ነገር የት ነው ያለው?" ብላችሁ ፍለጋ በገባችሁ ቁጥር አንድ መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው ቀን መስመሩ ይበዛል፣ አትደንግጡ፣ አዲስ ስለሆነ ነው። የአራተኛውንና የአምስተኛውን ቀን ነው የምታዩት። በአንዱ መስመሩ እየቀነሰ ይመጣል፣ በሌላው እንዳለ ይቆያል። ዩቲዩብ ላይ የአስር ሰው ግምገማ ከምታዩ ያቺ ወረቀት ትበልጣለች፣ ምክንያቱም እነሱ የሚነግሯችሁ ስለነሱ እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወረቀቷም ሊበልጥ ይችላል። ቅርባችሁ የሚያውቅ ሰው አለ? ሌሊት ላይ ደውላችሁ "ድምፁ ከአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ምን ላድርግ?" የምትሉት ሰው? ካለ፣ እሱ የያዘውን ያዙ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያለፍኩት እንደዚያ ዓይነት ጓደኛ ስለነበረኝ ነው።

ከመረጣችሁ በኋላ ለአንድ ዓመት አትቀይሩ። ቁልፎቹን በጣታችሁ ልመዱ፦ መቅጃውን፣ መቁረጫውን፣ መመለሻውን። ጣት ሲያውቀው ዓይን ከስክሪኑ ላይ ይነሳል፣ ያኔ መስማት ይጀመራል።

[ጥያቄ ከተሰብሳቢ፦ "እኔ ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። እስክገዛ ልጠብቅ?"]

በፍጹም አትጠብቂ እህቴ። አይፎን ከሆነ ጋራዥባንድ ጫኚ፣ አንድሮይድ ከሆነ ባንድላብ፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ብሉቱዝ ሄድፎን ብቻ አትጠቀሚ፣ ያ ቅድም ያወራነው መዘግየት ብሉቱዝ ላይ በጣም የባሰ ነው፤ ሽቦ ያለው ያዢ። ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ያህል አርቂው፣ ትንፋሽሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፣ ልብስ የተሰቀለበት ወይም ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ውስጥ ዝፈኚ። ሙዚቃውና ድምፅሽ ለየብቻ ትራክ ላይ ይሁኑ። ላፕቶፕ ስታገኚ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ታወጪዋለሽ፣ ግን ሁሉም ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ይጀምሩ፤ ድምፅሽ የሚገባው አንደኛው ደቂቃ ላይ ቢሆንም ባዶውን ይዘሽ አውጪው። እንደዚያ ካደረግሽ በየትኛውም ሶፍትዌር ስታስገቢያቸው በየቦታቸው ይቀመጣሉ።